እየሠራ ያስፈራ ፓወር ሰፕላይ፦ የአንድ ኮሞዶር 64 ጉዳይ ጥናት

አጎቴ ኮምፒውተሩን በብርድ ልብስ ጠቅልለው ነበር ያመጡት። ጠርዙ የተድቦለቦለ ቡናማ ኮሞዶር 64፣ አብሮት የካሴት ማጫወቻው፣ አንድ የጫማ ካርቶን ሙሉ ካሴት፣ ከሁሉም በታች ደግሞ እንደ ጡብ የከበደ ጥቁር ፓወር ሰፕላይ። የጡቡ መለያ ጽሑፍ ተፍቆ ጠፍቷል፤ ማን እንደሠራው አይታወቅም።

«ምንም አልሆነም፤ ትናንት ማታ ሩብ ሰዓት ያህል ከፍቼው ነበር። ይሠራል» አሉኝ።

«ጋሼ፣ ባይሠራ ይሻልዎት ነበር» ስላቸው እንደ ስድብ ቆጠሩት።

ስድብ አልነበረም። የሞተ ፓወር ሰፕላይ ማንንም አይጎዳም፤ ኮምፒውተሩ አይበራም፣ ባለቤቱ ይናደዳል፣ ነገሩ እዚያው ያልቃል። የሚያስፈራው በሕይወት እያለ የሚባልገው ነው። ኮሞዶር 64 ገበያ ላይ የዋለው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1982 ነው። አብረውት ይሸጡ ከነበሩት ጡቦች ብዙዎቹ ውስጣቸው በሙጫ ተሞልቶ የተደፈነ ነው። ትራንስፎርመሩም፣ ቮልቱን 5 ላይ የሚያቆመው ሬጉሌተርም እዚያው ሙጫ ውስጥ ተቀብረዋል። ሙቀቱ በቀላሉ አይወጣም። ዓመታት ሲቆጠሩ ሬጉሌተሩ ይደክማል፤ ሲደክም ደግሞ ሊያጋድል የሚችለው ወደ ታች ብቻ ሳይሆን ወደ ላይም ነው። ኮምፒውተሩ በዚህ መስመር ላይ የቮልት መከላከያ ስለሌለው ትርፉ በቀጥታ ወደ ቺፖቹ ይገባል። ብዙውን ጊዜ ቀድመው የሚሄዱት የማህደረ ትውስታ ቺፖቹ ናቸው። እነሱስ ምትክ ይገኝላቸዋል። ሲድ የሚባለው የድምፅ ቺፕና ቪክ የሚባለው የምስል ቺፕ ግን ማምረቻቸው ከተዘጋ ቆይቷል፤ እውነተኛ ሲድ የሚገኘው ከሌላ ኮሞዶር ሬሳ ላይ ተነቅሎ ነው።

ስለዚህ «ይሠራል» ሲባል የምጠይቀው ሁልጊዜ አንድ ነው፦ የት ተለክቶ? ምን ተሸክሞ? ከስንት ደቂቃ በኋላ?

ኮምፒውተሩን ወደ ጎን አድርጌ ጡቡን ብቻውን ፈተንኩት። ምንም ሳይሸከም መልቲሜትሩ (የኤሌክትሪክ መለኪያው) 5.08 ቮልት አሳየ። በዚህ ንባብ ብቻ ብፈርድ ኖሮ በነጻ አሰናብተው ነበር። ቀጥዬ 5 ኦም፣ 10 ዋት የሆነ ትልቅ የሴራሚክ ሬዚስተር አሸከምኩት፤ በ5 ቮልት 1 አምፔር ይስባል፣ ኮምፒውተሩ ከሚስበው ጋር ይቀራረባል። 4.98 ሆነ። አሁንም ጨዋ ነው። ሬዚስተሩ 5 ዋት ሙቀት ስለሚተፋ የሸክላ ሳህን ላይ አኑሬው ሰዓት ይዤ ተቀመጥኩ።

ከ10 ደቂቃ በኋላ 5.02፤ ከ20 ደቂቃ በኋላ 5.11። አጎቴ በር ላይ ብቅ ብለው «አሁንም እየለካህ ነው?» ይሉኛል። በ35ኛው ደቂቃ 5.31፣ በ50ኛው 5.62። ጡቡ ላይ መዳፌን ማቆየት አቃተኝ፤ ከሶኬቱ ነቀልኩት። የዚያ ዘመን ቺፖች ባብዛኛው የሚፈልጉት ከ4.75 እስከ 5.25 ቮልት ነው፤ የማህደረ ትውስታዎቹ ትንሽ ታግሠው እስከ 5.5 ይሄዳሉ። ጡቡ ሁለቱንም ወሰን አልፏል፤ ደግሞም ገና መውጣቱን አላቆመም ነበር። ከሁለት ሰዓት በኋላ ቀዝቅዞ ስለካው 5.07፤ ምንም እንዳልተፈጠረ ሰው ጨዋ ሆኖ ተመልሷል። ኮምፒውተሩን ያተረፈው አጎቴ ትናንት ማታ ሩብ ሰዓት ብቻ መታገሣቸው ነው።

አንድ ገመድ፣ ሁለት ባሕርይ

5 ቮልት ማግኘት ዛሬ ሥራ አይደለም፤ የስልክ ቻርጀር ሁሉ ይሰጣል። የዚህ ኮምፒውተር ጣጣ ከጡቡ የሚወጣው ገመድ ሁለት ዓይነት ኤሌክትሪክ መያዙ ነው፦ አንደኛው እስከ 1.5 አምፔር ድረስ የሚጫነው 5 ቮልት ዲሲ (በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚፈስ)፣ ሁለተኛው 1 አምፔር የሚሰጥ 9 ቮልት ኤሲ (እንደ ሞገድ አቅጣጫውን የሚቀያይር)። «ዘመናዊ ፓወር ሰፕላይ ገጠምኩለት» ብለው የሚጀምሩ ሰዎች ብዙ ጊዜ የሚሰናከሉት በሁለተኛው ላይ ነው።

ኤሲው ኮምፒውተሩ ውስጥ ገብቶ በብዙ መንገድ ይበታተናል። አንዱ ክፍል ኤሲን ወደ ዲሲ በሚለውጥ የዳዮድ ድልድይ ተስተካክሎ የካሴት ማጫወቻውን ሞተር ያዞራል። ከዚያው ላይ 7805 የሚባለው ሬጉሌተር ሌላ 5 ቮልት ያወጣል፤ ይህ ለምስል ቺፑና ለሰዓት ምት ማመንጫው ብቻ የተለየ ንጹሕ መስመር ነው። ሌላው ክፍል በካፓሲተርና በዳዮድ ቮልቱ ከፍ ተደርጎ በ7812 በኩል 12 ቮልት ይሆናል፤ ሲድና ቪክ ያለ እሱ አይሠሩም። አጎቴ ባመጡት የቀድሞው ሞዴል ላይ 5 ቮልቱ ብቻ ቢደርስና ኤሲው ቢቀር ቀይዋ መብራት ቦግ ትላለች፣ ማያው ግን ጥቁር ይሆናል። ስንቱ ደኅና ኮምፒውተር በዚህ ምልክት ብቻ «ሞቷል» ተብሎ ተጥሎ ይሆን!

«ታዲያ 9 ቮልት ዲሲ ብንሰጠውስ?» የሚለው ጥያቄ ወዲያው ይመጣል። ቮልት ከፍ የሚያደርገው ክፍል እንደ ወናፍ ነው፤ የሚነፋው ከፍ ዝቅ ሲል ነው። ዲሲ ወናፉን አንድ ጊዜ ተጭኖ ዝም እንደ ማለት ነው፤ 12 ቮልት አይወጣም። በዚያ ላይ የኮምፒውተሩ ሁለት የግቤትና የውጤት ቺፖች የቀኑን ሰዓት የሚቆጥሩት የኤሲውን ሞገድ እየቆጠሩ ነው፤ ሞገድ ከሌለ ሰዓቱ ይቆማል። ሌላም ወጥመድ አለ፦ ከኤሲው ሁለት ሽቦዎች አንዱን ከ5 ቮልቱ መሬት (ጅረቱ ከሚመለስበት መስመር) ጋር ማገናኘት። ሥዕል ላይ ንጹሕ ይመስላል፤ ኮምፒውተሩ ውስጥ ያለው ድልድይ ግን አንዱ ጎኑ መሬት ላይ ስለሆነ ከዳዮዶቹ አንዱ በቀጥታ አጭር ዙር ይገባል። ሁለቱ የኤሲ ሽቦዎች ከመሬቱ ተለይተው መቆየት አለባቸው።

የስልክ ቻርጀሩን ሐሳብ ያነሡት አጎቴ ናቸው፤ በመሳቢያቸው ሦስት አሉ። ከመጀመሪያው አልወደድኩትም። ቻርጀር የተሠራው ባትሪ ለመሙላት ነው፤ ባትሪ ደግሞ ቮልቱ ትንሽ ቢዋዥቅ ቅር አይለውም። ርካሾቹ 1 አምፔር ሲጠየቁ ይወርዳሉ፤ የሚያወጡትም ጥቃቅን ንዝረት በምስሉ ላይ እንደ ሰያፍ መስመር ሊታይ ይችላል። ገመዳቸው ደግሞ እንደ ፀጉር ቀጭን ነው።

የመረጥኩት ሁለት የታሸጉ መሣሪያዎችን ማጣመር ነው። አንዱ 5 ቮልት፣ 4 አምፔር የሚሰጥ የታወቀ የደኅንነት ምልክት ያለው ስዊቺንግ አዳፕተር፤ ሌላው ውስጡ ተራ ትራንስፎርመር ብቻ ያለ 9 ቮልት ኤሲ፣ 1.5 አምፔር የግድግዳ አዳፕተር። ሁለቱንም አንድ ሳጥን ውስጥ ከትቶ በአንድ የግድግዳ ገመድ ማስኬድ ያምራል። እኔ ግን ለሌላ ሰው ቤት የሚሄድ ነገር ላይ የግድግዳውን ቮልት በእጄ አልነካም። በእኔ ሳጥን ውስጥ የሚገቡት 5 ቮልቱና 9 ቮልት የተባለው ኤሲ ብቻ ናቸው፤ አጎቴ ሁለት ሶኬት ይያዝባቸው።

ትራንስፎርመሩን ብቻውን ስለካው 10.9 ቮልት አለኝ። ልምዱ የሌለው ሰው እዚህ ላይ ይደነግጣል። ትንንሽ ትራንስፎርመሮች የተጻፈባቸውን ቮልት የሚሰጡት ሙሉ ጭነት ሲሸከሙ ነው፤ በ10 ኦም ሬዚስተር ስጭነው 9.2 ላይ ተቀመጠ። አዳፕተሩንም ልክ እንደ ጡቡ 1 ሰዓት ሙሉ በሬዚስተር አስኬድኩት። በ5.05 ጀመረ፣ በ5.05 ጨረሰ።

ሳጥኑና ስፒናው

አዳፕተሩ አዲስ ቢሆንም አንድ ቀን እንደማይባልግ ማንም አይምልልኝም። ስለዚህ በመካከል ዘበኛ አቆምኩ። ዘበኛው ቲኤል431 በምትባል ትንሽ ቺፕ ላይ የተመሠረተ ነው፤ በአንድ እግሯ ላይ 2.495 ቮልት ሲደርስ ትነቃለች። 1.2 ኪሎ ኦምና 1 ኪሎ ኦም ሬዚስተሮች መስመሩን ሲከፋፍሉላት የምትነቃበት ነጥብ 5.49 ቮልት ይሆናል። ስትነቃ ሪሌዩን (በኤሌክትሪክ የሚሠራውን ማብሪያ ማጥፊያ) ትለቃለች፤ 5 ቮልቱ ከኮምፒውተሩ ይለያያል። በዜነር ዳዮድ ብቻ የሚሠሩ አሉ፤ አልወደውም፤ ዜነር በዚህ ዝቅተኛ ቮልት ላይ ቁርጥ ያለ ወሰን የለውም፣ ቀስ እያለ ነው የሚከፈተው። የእኔም ዘበኛ ቢሆን ፍጹም አይደለም፤ ሪሌይ ለመላቀቅ ጥቂት ሚሊሰከንዶች ይፈጅበታል። እንደ ጡቡ በደቂቃዎች ውስጥ እየከፋ ለሚሄድ ብልሽት ግን ይበቃል።

ዘበኛን ሳይፈትኑ ማመን ሞኝነት ነው። ቮልቱ በእጅ የሚስተካከል ፓወር ሰፕላይ አገናኝቼ ቁልፉን በጣቴ ጫፍ እየገፋሁ አሳደግኩት። 5.20፤ ዝም። 5.30፤ ዝም። 5.40፤ ዝም። 5.47 ላይ «ቀጭ» አለ። ሬዚስተሮቹ ትንሽ መዛነፍ ስላላቸው ከስሌቱ ጥቂት መለየቱ የሚጠበቅ ነው። አሥር ጊዜ ደጋገምኩት፤ አሥሩንም ጊዜ እዚያው ላይ ቀጨ።

ስፒናው ዲን የሚባለው ክብ ዓይነት፣ ባለ 7 እግር ነው፤ አቆጣጠሩ ደግሞ ሰው ለማሳሳት የተፈጠረ ይመስላል። እግሮቹ በቅስት ሲደረደሩ ቅደም ተከተላቸው 6፣ 1፣ 4፣ 2፣ 5፣ 3፣ 7 ነው። መሃል ላይ ያለው 2 መሬት ነው፤ ጎረቤቱ 5 ደግሞ 5 ቮልቱን ይይዛል፤ ሁለቱ ዳርቻዎች 6 እና 7 ኤሲው ናቸው። ሥዕሉ ከፊት የታየ ይሁን ከሚበየድበት ከኋላ የታየ ሳላጣራ በየድኩት። ሁሉን ጨርሼ፣ የመጨረሻውን ጠብታ ስታኞ አብርጄ፣ ክዳኑን ከገጠምኩ በኋላ በመልቲሜትር ስፈትሽ 5 ቮልቱን ያገኘሁት በእግር 4 ላይ ነው፤ ሥራዬ እንደ መስታወት ተገልብጧል። ይህ ስህተት እንኳን ሰው አይገድልም፤ እግር 4 የትም አልተገናኘም፣ ኤሲው ቦታ ቢለዋወጥ ለውጥ የለውም፣ መሬቱ መሃል ላይ ስለሆነ አይንቀሳቀስም። ብሰካው ኖሮ መብራቷ አትበራም፣ እኔም ኮምፒውተሩን ስጠረጥር እውል ነበር። አፍርሼ መልሼ በየድኩ። በመሬቱና በ5 ቮልቱ እግሮች መካከል ያለው ክፍተት ጠባብ ስለሆነ እያንዳንዳቸውን ሙቀት ሲነካው በሚኮማተር ላስቲክ አለበስኳቸው።

4.72

ከመሰካቴ በፊት አንድ ነገር አስቀደምኩ፤ የቴሌቪዥኑን ገመድና የካሴቱን ስፒና በሙሉ ቦታ ቦታቸው አስገባሁ። የግድግዳው የመሬት ሽቦ የማይደርሳቸው ስዊቺንግ አዳፕተሮች ውስጥ ካለችው ትንሽ ካፓሲተር የተነሣ ኮምፒውተሩ ብቻውን ሲሆን ከግድግዳው ጥቂት ጅረት ያፈሳሉ። ሰውን አይጎዳም፤ እጅ ላይ ትንሽ መነዝነዝ ነው። የቴሌቪዥን ገመድ በዚህ ሁኔታ ሲሰካ ግን የምትፈነጥቅ ብልጭታ በምስልና በድምፅ ቺፑ በኩል ልታልፍ ትችላለች። መጀመሪያ ገመድ ሁሉ፣ መጨረሻ ላይ ግድግዳው።

ሰማያዊው ገጽ መጣ። ከላይ የኮሞዶር ስም፣ ከሥሩ ለፕሮግራም ነጻ የሆነው ባይት ቁጥር፦ 38911። አጎቴ ቁጥሩን በቃላቸው ያውቁታል፤ ማያው ላይ ከመውጣቱ በፊት ጠሩት። ይህ ቁጥር ሙሉ ሆኖ መውጣቱ ኮምፒውተሩ ሲነሣ ያንን የማህደረ ትውስታ ክፍል ፈትሾ እንዳለፈ ያሳያል። አምስት ደቂቃ ግን አልቆየም፤ ማንም ሳይነካው በገጹ መሃል እንግዳ ምልክቶች በቀሉ፣ ጠቋሚዋም ብልጭታዋን አቆመች።

ክዳኑን ከፍቼ በአንዱ የማህደረ ትውስታ ቺፕ እግሮች ላይ ለካሁ። መልቲሜትሩ ከፊቱ የመቀነስ ምልክት ያለው ቁጥር ሲያሳየኝ ለአፍታ ልቤ ቆመ። ኋላ ትዝ አለኝ፤ 4164 የሚባለው ይህ የማህደረ ትውስታ ቺፕ እንደ ተራዎቹ ባለ 16 እግር ቺፖች አይደለም። በእነሱ ላይ እግር 8 መሬት፣ እግር 16 የቮልቱ መግቢያ ነው፤ በዚህኛው እግር 8 የቮልቱ መግቢያ፣ እግር 16 መሬት ነው። ጫፎቹን አቀያይሬ ስይዝ 4.72 ቮልት አነበብኩ።

አዳፕተሩ ላይ 5.05። ቺፑ ላይ 4.72። በመካከል የጠፋው 0.33 ቮልት የት ገባ? ከሳጥኑ መውጫ ጀምሬ እግር በእግር ተከተልኩት። ከሳጥኑ ሲወጣ 5.05 ነው፤ ስፒናው ጋ ሲደርስ 4.85። ሁለት አሥረኛው የቀረው ገመዱ ላይ ነው። ለስላሳ ነው፣ ያምራል ብዬ የመረጥኩት ገመድ ሽቦው 0.25 ካሬ ሚሊሜትር ብቻ ነበር። 1.5 ሜትር እንዲህ ያለ መዳብ ወደ 0.1 ኦም ይጠጋል፤ ጅረቱ በአንዱ ሽቦ ሄዶ በሌላው ስለሚመለስ 0.2 ኦም ይሆናል። በ1 አምፔር 0.2 ቮልት። ስሌቱን ወረቀት ላይ ስጨርስ በራሴ ሳቅሁ፤ ጡቡን 50 ደቂቃ ሙሉ ስከስ የቆየሁት ሰው የራሴን ገመድ አንድ ጊዜ እንኳ ጭነት አሸክሜ አልለካሁትም ነበር።

ቀላል የሚመስል መውጫ ነበር፤ አዳፕተሩን ወደ 5.3 ከፍ አድርጎ የጠፋውን መተካት። አላደረግኩትም። ገመዱ የሚውጠው በጅረቱ መጠን ስለሆነ ኮምፒውተሩ የሚስበው በቀነሰ ቁጥር ቺፖቹ ላይ የሚደርሰው ከፍ ይላል፤ ያን ጊዜ እኔ ራሴ ሁለተኛ ጡብ ሠራሁ ማለት ነው። ገመዱን በ1 ካሬ ሚሊሜትር ለወጥኩ። ለዲን ስፒና ወፍራም ነው፤ ጫፉን ከእግሩ ጋር ለማስማማት ጥቂት ክሮች መላጨት ነበረብኝ፣ መልኩም አያምርም። ስፒናው ጋ 5.00 ደረሰ።

ቺፑ ላይ ግን 4.88 ነው። የቀረው 0.12 ቮልት የጠፋው የኮምፒውተሩ የራሱ ማብሪያ ማጥፊያ ውስጥ ነው፤ ለዓመታት ሳይነካ የተቀመጠ ብረት ያገነገነውን የጠቆረ ሽፋን አስቡት። የግንኙነት ማጽጃ ፈሳሽ በስንጥቁ ረጨሁና ማብሪያውን ሃምሳ ጊዜ ያህል ወዲያ ወዲህ አልኩት። 4.97። ከዚያ በኋላ ሁለት ሰዓት ሙሉ ተከፍቶ ቆየ፤ እንግዳ ምልክት አልበቀለም።

የቀረው ፈተና ካሴቱ ነበር፤ ሞተሩ የሚዞረው ከ9 ቮልቱ ስለሆነ የኤሲውን ጎን የሚያስጨንቀው እሱ ነው። ኤሲውን ከኋላ ባለው የተጠቃሚ ፖርት እግር 10 እና 11 ላይ ያዝኩ፤ 9.4 ነው። አጎቴ ከካርቶኑ አንድ ካሴት መርጠው አስገቡ፣ የመጫኛውን ትእዛዝ ጻፉና ቁልፉን ተጫኑ። ሞተሩ ተነሣ፤ 9.1። በዚያው ቅጽበት ማያው ጠፋ፤ ጽሑፉ ሁሉ ሄዶ ባዶ ቀለም ብቻ ቀረ።

«አቃጠልከው!» አሉ ጋሼ ከመቀመጫቸው ብድግ ብለው።

እኔም እጄ ወደ ሶኬቱ ሄዶ ነበር። ኋላ ነው ኮምፒውተሩ ከካሴት ሲያነብ ሆን ብሎ ማያውን እንደሚዘጋ ያስታወስኩት፤ ምስል መሣሉ ከአንጎለ ኮምፒውተሩ ጊዜ ስለሚሰርቅ የካሴቱ ቆጠራ እንዳይዛባ ያሰናብተዋል። «ረስተውት ነው እንጂ ድሮም እንዲህ ነበር» ብላቸው አላመኑኝም። ቆመው ጠበቁ። ጥቂት ቆይቶ ገጹ ተመለሰና የተገኘውን ፕሮግራም ስም አወጣ፤ በላቲን ፊደል የተጻፈ የራሳቸው ስም ነው። እንደገና ጠፋ። ለብዙ ደቂቃዎች የሞተሩ ድምፅ ብቻ ተሰማ።

ፕሮግራሙ መምህር ሳሉ የክፍላቸውን ውጤት ለመደመር የጻፉት ነው። ተጭኖ ሲያበቃ የተማሪዎቹን ብዛት ጠየቃቸው። አጎቴ ተቀመጡና መነጽራቸውን አስተካክለው አንድ በአንድ ማስገባት ጀመሩ፤ እኔ ከጀርባ ሆኜ የመልቲሜትሩን ጫፎች በቺፑ እግር 8 እና 16 ላይ እንደያዝኩ ነበርኩ። 4.97።

«አሁንስ ምን ትለካለህ?» አሉኝ ሳይዞሩ።

«ገና አንድ ሰዓት ይቀረኛል፣ ጋሼ።»